የሩሚና ነጭ ጾም

ሩሚና የጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ የወጣችው ጫማዋን አውልቃ፣ ቁልፏንና ጃንጥላዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ ትንፋሿንም ይዛ ነው። ትንፋሽ በመያዝ ኪሎ እንደማይቀንስ አጥታው አይደለም። ግን የጨነቀው ሰው የማይሞክረው ነገር የለም። ከኋላዋ የመንደሩ ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ወሬያቸውን ገታ አድርገው፣ የዓይናቸውን ጥግ ሚዛኑ ላይ ጥለዋል።

«ጨምሯል!» አለች ነርሷ ዮሲና።

አለች ሳይሆን ጮኸች ነው የሚባለው። ልጅቷ ባሕር ማዶ ካሉት ከማሉኩ ደሴቶች የመጣች ናት፤ እዚያ ሰው የሚያድገው ከባሕሩ ጋር እየተሟገተ ነው መሰል፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኛ የጃዋ ደሴት ሰዎች ደግሞ የሰውን ጉድ የምናወራው እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን፣ በሹክሹክታ ነው። ሐሜቱ አይቀርም፣ ግን ቢያንስ ሰውየው አይሰማም።

«ኪሎውም ጨምሯል፣ ስኳሩም ጨምሯል። ቡ ሩሚና፣ ምግብ ይቀንሱ አላልኩም? እየቀነሱ ነው ወይስ እየሸወዱኝ ነው?»

«ቀንሻለሁ» አለች ሩሚና።

«ከቀነሱማ ይወርድ ነበር! የሐጅ ምርመራው ደግሞ እየቀረበ ነው። በዚህ ስኳር የትኛውም ሐኪም አያሳልፍዎትም። ቁርጡን ልንገርዎት፤ ባልዎ ፓክ ታርጆ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት።»

ሩሚና ጥርሷን ነክሳ ከሚዛኑ ወረደች። ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ውስጥ ይንዶቀዶቃል። መናገር ብትችል ኖሮ ያን ጤና ጣቢያ በጩኸት ታፈርሰው ነበር። ግን መናገር አትችልም። ለምን እንደማትችል እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ቡ ሙንጂ ያለቻትን ስሙ፣ ይበልጥ ያንገበገባት እሱ ነውና።

ቡ ሙንጂ ማለት ያቺው ቁልፏን የያዘችላት ጎረቤቷ ናት፤ «ቡ» የምንለው «እመት» እንደማለት ነው፣ ለወንድ ደግሞ «ፓክ» እንላለን። አጥር ለአጥር ናቸው። ክፋት የላትም፣ አፏ ግን ልጓም የለውም። ቁልፉን ስትመልስላት ጎኗን ነካ አደረገቻትና፣ «ዩ ሩሚና፣ እህቴ፣ ምናለ ለእኛ እንኳ እውነቱን ብትነግሪን? ማጀት ገብተሽ ተደብቀሽ የምትጎርሺው ምንድነው? እኛም እንቅመሰው እንጂ!» አለቻት። ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። ሩሚናም ሳቀች። የጃዋ ሴት አይደለች፣ ምን ታድርግ? ውስጧ እየነደደ ጥርሷን አሳይታ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሩሚና እዚህ ክላተን ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን የሩዝ አዛዥ ናት። ሰርግ ይሁን ግርዛት፣ የሙታን ሰደቃ ይሁን፣ ድግስ ያሰበ ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት መጥቶ የሚለምነው እሷን ነው። ሩዙን አጥባ፣ በትልቁ የእንፋሎት ድስት አብስላ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚወጣ የምታዘው እሷ ናት። ድግስ ላይ ሩዝ ካለቀ የደጋሹ ስም አብሮ ያልቃል። ሩሚና በያዘችው ድግስ ግን አልቆ አያውቅም። ሰዉ ሁሉ «እጇ በረከት አለው» ይላታል፤ እሷም አፍ አውጥታ ባትለው በልቧ ትኮራበታለች።

ወፍራም ናት። ይህን ለመደበቅ የምሞክርበት ምክንያት የለም። ወፍራም በመሆኗም ርቧት እንደሚያውቅ ያሰበ ሰው በዚህ መንደር አልነበረም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ርቧት ነው የኖረችው። ጠዋት ሳህኗን ሞልታ ሩዝ በልታ ትወጣለች፤ ገና ገበያ ሳትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ ትገዛለች፣ ጣፋጭ ሻይ ትደግምበታለች፣ ዓለም ትበራላታለች። ወዲያው ደግሞ ያው ነው፤ ጉልበቷ ይከዳታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። የሚያያት ሰው «ኧረ አሁንም ትበላለች!» ይላል እንጂ «ምን ሆና ነው?» አይልም።

ባሏን ታርጆን ደግሞ እዩት። ግንበኛ ነበር፤ አሁን አርጅቶ ቤት ውሏል። አንድ ሳህን ሩዝ ቁልል አድርጎ ይበላል፣ ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ ከዚያ ሳያፍር «ቡ፣ የሚቆረጠም ነገር የለም?» ይላል። አጥንቱ ይቆጠራል። ስኳሩን ሲለኩት ነርሷ ራሷ ትስቃለች፣ የሕፃን ደም ነው ብላ።

«አንተ ትበላለህ፣ እኔ እወፍራለሁ!» ትለዋለች ሩሚና። «ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ታርጆ አይመልስም። ከወንድ ሁሉ ዝምታ የተሰጠው ሰው ነው።

ለሐጅ የተመዘገቡት የታርጆ ፀጉር ገና ጥቁር ሳለ ነው። ወረፋው ስንቱን ስሙ ሳይጠራ አፈር አስገብቶታል። ዘንድሮ የሁለቱም ስም አንድ ላይ ተጠራ። ሩሚና ያን ቀን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣትም፤ አልለመነችውም ማለት አይደለም፣ ለምና ለምና ትታዋለች። ይህን ግን አልተወችም ነበር፦ ካዕባን ከታርጆ ጎን ቆማ ማየት። ሌላ የምትፈልገው ነገር የላትም። ደስታው ግን ብዙም አልቆየ፤ ስኳር እንዳለባት ያወቀችው ለዚሁ ሐጅ የመጀመሪያውን ምርመራ ስታደርግ ነው። «ካልወረደ አይሄዱም» ተባለች።

ነርሷ ያን ቀን ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነው የነገረቻት። «አፍዎን ይግዙ። ጣፋጩ ይቅር፣ የተጠበሰው ይቅር፣ የኮኮናት ወተቱ ይቅር። ኪኒኑን ይዋጡ። የሚቀጥለው!»

ሩሚና ቤቷ ገብታ አሰበች። አፍ መግዛትማ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከማንም በላይ ታውቃለች። እናቷ ጭንቅ በገጠማት ቁጥር የምትይዘው ጾም ነበራት። ሙቲህ ይባላል፣ ነጭ ጾም ማለት ነው። ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ የለ፣ ቅጠል የለ፣ ቃሪያ የለ፣ ጨው እንኳ የለ። ነጭ ሩዝና ውሃ ብቻ። ምላስን ይቀጣል፣ ሥጋን ያዋርዳል፣ ልመናን ያደርሳል ይባላል። የመስጊዳችን ኢማም ብዙም አይወዱትም፣ ግን የገዛ እናታቸውም ይጾሙት ስለነበር አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ለማንም አይነገርም። የተነገረ ሙቲህ ፉርሽ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢያይ እንኳ አይቶ ዝም ማለት ነው ያለበት።

ምርመራው እስኪደርስ ልትጾም ተሳለች።

ይታያችሁ እንግዲህ! ስኳር ያለባት ሴት፣ ስኳሯን ለማውረድ ብላ፣ ከነጭ ሩዝ በቀር ሁሉን ተወች። እናንተ ትስቁ ይሆናል። እሷ ግን ሩዝን ምግብ ብላ ቆጥራው አታውቅም፤ ምግብ ማለት ሩዙ ላይ የሚደረገው ነው። ሩዝማ ልክ እንደ ውሃ፣ ሁሌም ያለ ነገር ነው። ደግሞስ ማን ነግሯት?

እንደዚያ ተርባ አታውቅም። ጨው የሌለው ሩዝ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፤ በውሃ ትገፋዋለች። ሳህኑን ሳታጥበው ሆዷ መጮህ ይጀምራል። መጀመሪያ በእፍኝ ነበር የምትበላው፤ ኋላ እጇ ሲንቀጠቀጥ አንድ ሳህን፣ ከዚያ ሌላ ሳህን፤ ነጭ እስከሆነ ድረስ ሕጉ አይከለክልም። ለታርጆ ግን በየቀኑ ዓሣ ትጠብሳለች። ሽታው አፏን በምራቅ፣ ዓይኗን በእንባ ይሞላዋል። አንድ ቀን የዓሣውን ጭራ አንስታ አፏ ድረስ አደረሰችና፣ ካዕባ ትዝ ሲላት ለድመቷ ወረወረችላት። ድመቷ ስትበላ እያየች ደግሞ በድመቷ ተናደደች።

ታርጆ አየ፣ ገባው፣ ዝም አለ። ሕጉም ዝም በል ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው እንግዲህ ሚዛኑ ላይ ወጥታ «እየሸወዱኝ ነው» የተባለችው። ቤቷ ስትገባ ታርጆ ምሳውን እየጠበቀ ነበር።

«ሌባ አደረጉኝ!» አለች፣ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጥላ። «ተደብቃ ትበላለች አሉኝ! እኔን! አንተ ምስክሬ አይደለህም? ምን በላሁ? ምን በላሁ፣ ንገረኝ!»

«ምን እንድል ፈለግሽ፣ ቡ?»

«ምንም አትበል! ብላ! አንተ ብላ!» ዓሣውን ከነሳህኑ ከፊቱ ዘጭ አደረገችው። «ለአንተ ተፈቅዶልሃል!»

ታርጆ አንገቱን ደፍቶ በላ። ጨርሶ በላ። ይህም አናደዳት።

በዚህ መሀል የቡ ሙንጂ ሴት ልጅ ሰርግ ደረሰ። ቡ ሙንጂ ሩሚናን ልትለምን ስትመጣ ያን ሁሉ ቀልድ ረስታ፣ እጇን አጣምራ፣ ድምፅዋን አለስልሳ ነው። «ዩ ሩሚና፣ ያለ አንቺ እጅ ልጄን አልድርም» አለች። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? አይቻልም። በእኛ አገር ሰው ተቀይሞ ሩዝ አላበስልም አይልም፤ ቅያሜውን ውጦ ያበስላል።

የሰርጉ ዕለት ሴቶቹ ምግቡን ተሸክመው ወደ ድንኳኑ ሲወጡ ሩሚና ጓሮ ከድስቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና የራሷን ሳህን አወጣች። ነጭ ሩዝ። በብርጭቆ ውሃ። ከድንኳኑ የተጠበሰ ዶሮና የቃሪያ ሽታ እየመጣ አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል። ዞር ብላ ጀርባዋን ለሽታው ሰጠችው።

የእኛ ሰው ተጋብዞ ጓሮ አይገባም። ዮሲና ግን ገባች፤ ከየት ታውቃለች? የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጭሱን በእጇ እየገፋች፣ ምግብ የሠሩትን ላመስግን ብላ መጣች። ሩሚናን ሳህን እንደያዘች አየቻት።

«ያዝኩዎት!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳህኑን አየች፤ ሳቋ ቆመ። «ሩዙን በምንድነው የሚበሉት?»

«በውሃ።»

«ወጡስ?»

ሩሚና ሳህኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ቡ ሩሚና፣ ይህን ብቻ ነው የሚበሉት? ዛሬ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«ሂጂ ከዚህ፣ ጭስ ነው። ልብስሽ ይበላሻል።»

ዮሲና አልሄደችም። የክት ልብሷን ሰብስባ አመዱ ላይ ቁጢጥ አለች። የሩሚናን እጅ ያዘች፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ አርሶታል። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናቴ፣ ምን እየሆኑ ነው?» አለቻት።

ሩሚና ያን ሁሉ ቀን ስድቡን፣ ሳቁን፣ ረሃቡን ችላው ነበር። ያቺን ዝቅ ያለች ድምፅ ግን አልቻለቻትም።

«እየጾምኩ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሙቲህ ይዤ ነው! ቀንሺ አልሽኝ፣ ቀነስኩ! ዓሣ ተውኩ፣ እንቁላል ተውኩ፣ ቅጠል ተውኩ፣ ጨው እንኳ ተውኩ! ሩዝና ውሃ ቀረኝ። ከዚህ በላይ ምን ልተው? ትንፋሽ ልተው?»

ዮሲና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሩዙ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቡ ሩሚና፣ ስኳሩ ሩዙ ነው።»

«ሩዝ አይጣፍጥም!»

«አፍ ላይ አይጣፍጥም። ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው። ቅጠሉና ዓሣው፣ እንቁላሉና ቴምፔው ነበሩ እኮ የሚያረጋጉት። የሚያድነውን ጥለው የሚጎዳውን ብቻ ነው ያስቀሩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሩዝ ይቀንሱ አላልኩም እንዴ?»

«አላልሽም! ጣፋጭ አልሽ። ጥብስ አልሽ። የኮኮናት ወተት አልሽ። ‹የሚቀጥለው› አልሽ። ሩዝ የሚል ቃል ከአፍሽ አልወጣም!»

ዮሲና ለማስታወስ ሞከረች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ወረፋው…» ብላ ጀምራ ተወችው። «እኛ አገር የሳጎ ዛፍ ገንፎ ነው የሚበላው። ሩዝ ብቻ በልቶ ጾምኩ የሚል ሰው አለ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ምን እንደሚበሉ መጠየቅ ነበረብኝ። ሸወዱኝ ከማለቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።»

ተነሥታ ሄደችና ከሴቶቹ ትሪ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቴምፔና ጎመን ይዛ ተመለሰች። «ይብሉ።»

«ስለቴስ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ስለ ስለትዎ የማውቀው ነገር የለም። ይህ እጅ ግን እየተንቀጠቀጠ መካ አይደርስም።»

ሩሚና ሳህኑን ተቀበለችው። ስለቱ እንደሆነ ከአፏ ወጥቷል፤ ፉርሽ ሆኗል። ያን ሁሉ ረሃብ በከንቱ! እንቁላሉን አነሣችና እየተሳደበች በላችው፤ ማንን እንደምትሳደብ እሷም አታውቅም። ጨዉ ምላሷን ሲነካት ማልቀስ ጀመረች፤ ማልቀሷንም ሳታቆም ጎመኑን ጨረሰች።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉን አስቀድማ፣ እንቁላሉን ወይም ዓሣውን አስከትላ፣ ሩዙን በመጨረሻ ለምልክት ያህል መብላት ያዘች። ዮሲና በየጊዜው ቤቷ እየመጣች የምትበላውን ታያለች፤ አሁንም ትጮኻለች፣ ግን ጩኸቷ ተለምዷል። አንድ ጠዋት ሩሚና ገበያ ሄዳ፣ ተጨቃጭቃ፣ ተሸክማ ቤቷ ተመለሰች። ደጃፏ ላይ ስትደርስ ነው የሆነ ነገር የጎደላት የመሰላት። እጇን ዘርግታ አየችው። አይንቀጠቀጥም። የሩዝ ቂጣውም ሻዩም ትዝ ሳይላት ነው ገበያ ውላ የተመለሰችው።

ደስ ብሏት ይሆናል ትላላችሁ። አልነበረም! እንደዚያ ቀን ተናድዳ አታውቅም። ሸክሟን ወረወረችና፣ «ሩዙ ነበር እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሆዳም ስባል የኖርኩት ለዚህ ነበር? በልቼ ሲርበኝ፣ ርቦኝ ስበላ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ…» ታርጆ ከውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና መልሶ ገባ።

ምርመራው ደረሰ። ከተማ ሆስፒታል ዮሲናም አብራት ሄደች። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «የዛሬው ስኳር በጣም ጥሩ ነው» አለ። የሩሚና ልብ ዘለለ። «ችግሩ ይኼኛው ነው። ይህ ምርመራ ያለፉትን ወራት ነው የሚያሳየው። ደም ያስታውሳል፣ ቡ። ባለፉት ወራት በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ዘንድሮ አይሆንም፤ ለከርሞ እንይዎታለን።»

ያለፉት ወራት ማለት ነጩ ጾም ነው። ካዕባን ለማየት ብላ የተራበችው ረሃብ ነው ከካዕባ ያስቀራት።

የጮኸችው ዮሲና ናት። «የዛሬውን እዩላት እንጂ! ስህተቱ የእኔ ነው! አልነገርኳትም፣ አልጠየቅኳትም! እኔን ቅጡኝ!» እያለች ኮሪደሩን አደባለቀችው። ሐኪሙም አዘነ፣ ግን ማዘን ሌላ መፍቀድ ሌላ።

ቤት ሲገቡ ታርጆ ሰማና፣ «እኔም እቀራለሁ። ለከርሞ አብረን እንሄዳለን» አለ።

«ትሄዳለህ!» አለችው ሩሚና። «ጉልበትህ ለከርሞ ቃል ገብቶልሃል? ሂድ! ሁለታችንም ቀርተን መንደሩ ሁለት ጊዜ ይሳቅብን? ሂድና እዚያ ስሜን ጥራ።»

የታርጆ መሸኛ ድግስ በገዛ ቤታቸው ተደገሰ። ሩዙን ማን አበሰለ? ሩሚና። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ቁርዓን ይቀራሉ፣ ታርጆ ነጭ ለብሶ መሀላቸው ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ጓሮ ውር ውር ይላሉ። ሁሉም ያዝኑላታል። ያን ሐዘን ከሳቁ በላይ ጠላችው። በመጨረሻ ቡ ሙንጂ መጣችና ትከሻዋን እየደባበሰች፣ «አይዞሽ ዩ ሩሚና። ምን ይደረግ፣ አፍን መግዛት ለሁሉም አልተሰጠም» አለቻት። ከልቧ ማጽናናቷ ነበር።

ሩሚና የሩዙን ጭልፋ መሬት ላይ ፈጠፈጠችው።

«አፌን?» አለች። «አፌን ነው ያልሽኝ? ስሚ ሙንጂ! ሁላችሁም ስሙ! ሙቲህ ጾሜ ነው የቀረሁት! ነጭ ሩዝና ውሃ ብቻ በልቼ! በልጅሽ ሰርግ እናንተ ዶሮ ስትግጡ እኔ እዚያ ጓሮሽ ያለ ጨው እውጥ ነበር! ሚዛኑ ላይ ስትስቁብኝ ርቦኝ ነበር! አብሬያችሁ ስስቅም ርቦኝ ነበር! እናንተን ሁሉ ሳበላ ርቦኝ ነበር! ሆዳም አትበሉኝ! ከመካከላችሁ ‹ሩሚና ምን በላሽ› ያላለኝ የለም። ‹ሩሚና ራበሽ ወይ› ያለኝ አለ? አለ ወይ?»

በእኛ መንደር ሴት እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ቁርዓኑ ቆመ። ሴቶቹ የያዙትን እንደያዙ ቀሩ። ቡ ሙንጂ ፊቷ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብላ ጭልፋውን አነሣች፣ ወስዳ አጠበችው፣ መልሳ በሁለት እጇ ለሩሚና ሰጠቻት። ሩሚና ተቀበለቻትና ሩዙን ማውጣት ቀጠለች። ታርጆ በነጋታው አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ቀና ብሎ አላያትም፤ ነጠላ ጫማውን እያየ ተሰናብቷት ሄደ።

ከመካ የደወለ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሩሚና ደጃፏ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች። ከስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ቡ፣ አየሁት» አለ ታርጆ። «ካዕባን አየሁት።»

«ስሜን ጠራህ?»

«ጠራሁ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ። ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ።»

ታርጆ ጮኸ ብሎ ማን ያምናል? ሩሚና ጎመኑን ቁጭ አደረገችው። ስልኩን ልትዘጋው ስትል ድምፁ መጣ።

«ቡ።»

«ምንድነው?»

«ራበሽ ወይ?»

ሩሚና ውስጥ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «አሁን? አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ይህን ሁሉ ዘመን ከፊቴ ተቀምጠህ፣ ሦስት ሦስት ሳህን እየዋጥክ፣ አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ፣ አሁን ባሕር ተሻግረህ ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው» አለ ታርጆ። «ያን ቀን ስትጮኺ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ለሰዎቹ የጮኽሽ መስሎሽ ይሆናል፣ እኔ ግን ለእኔ እንደሆነ አውቄያለሁ። ፊትሽን ማየት አፍሬ ነው የሄድኩት።»

ሩሚና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ጠዋት ጎመንና እንቁላል በልታ ነበር፣ ሩዙም ትንሽ ነበር። ያ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያውቃት ረሃብ አለ እንደሆን ብላ ፈለገችው። አጣችው።

«አልራበኝም» አለች፣ እንባዋ ጎመኑ ላይ እየወረደ። «ንዴቴ ግን አልበረደም። ለከርሞ ራሴ ይዤው እዚያው ካዕባ ድረስ እመጣለሁ።»